ጥሊሊ ላይ ዋስ የተጠየቅሁ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ ማደያው አጠገብ የባጃጅ ሰልፍ ነበር። ቤንዚን ይመጣል ተብሎ ያልመጣበት ቀን ነው። መሰለፍ የሰለቻቸው ጎረምሶች አንዷ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ካርታ ዘርግተው ኮንከር ይጫወታሉ። የጥበቃ ተራዬን ጨርሼ በእነሱ በኩል ሳልፍ አንደኛው፣ የተሸነፈው ይመስለኛል፣ በሸራው ቀዳዳ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ “ፋዘር! በማርያም ይዋሱኝ! ዋስ ካልጠራህ አናጫውትህም እያሉኝ ነው” አለኝ።

ሌሎቹ ተንከተከቱ። ቀልድ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ልጁ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጥ አደረገና “ይቅርታ አባቴ” አለ። አባቴ መባሌም አናደደኝ፤ ገና አርባ አልሞላኝም። መንገዴን ቀጠልሁ። ቤቴ ገብቼ የቀረበልኝ ቅቅል ድንች ሳልነካው ቀዘቀዘ። ሚስቴ “ምን ሆንህ?” ብትለኝ “ምንም” አልኋት። ለእሷ ያልነገርኋትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው። ካርታን ግን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር። ንጉሡ ጢም አለው፣ ንግሥቲቱ አበባ ይዛለች፣ የቀረውን ነጥቡን ትቆጥራለህ። ለቁማር ማንበብ አያስፈልግም። ለመበላት ደግሞ ጭራሽ ምንም አያስፈልግም።

የተወለድሁት ከአዲስ ቅዳም ከፍ ብሎ ካለው ዳገት ላይ ነው። መሬታችን ደክሞ ገብሱ ጢሙን ብቻ ማብቀል ሲጀምር፣ አገሩ ሁሉ ዲከረንስ ተከለ። ዲከረንስ የከሰል ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፤ አራት አምስት ክረምት ከጠጣ በኋላ ቆርጠህ ታከስለዋለህ ወይም እንደቆመ ለነጋዴ ትሸጠዋለህ። አባታችን ትቶልን በሞተው ቁራጭ መሬት ላይ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሙላት ችግኙን በአንድ ክረምት ተከልነው። እሱ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ እኔ ችግኙን አስገብቼ በእግሬ እረግጣለሁ። ዝናቡ ጀርባችንን እየገረፈው፣ “እርገጥ! ጠበቅ አድርገህ እርገጥ! የእናትህ ጡት አይደለም አትራራለት!” ይለኝ ነበር። ዛፉ የእናታችን፣ የእሱና የእኔ የጋራ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህ ነው።

ወንድሜን አያ ሙላት እለው ነበር። ደግ ሰው ነው። የሚያርስ እጅ ነበረው፤ የእሱን ትልም ያየ ሰው በገመድ የተለካ ነው ይል ነበር። ካርታ እስኪይዝ ድረስ ማለቴ ነው።

ካርታውን ያመጣብን ጋሼ ደምለው የሚባል ከሰል ነጋዴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከገበሬ ከሰል ሲሰበስብ ይሰነብትና ቅዳሜና እሑድ አይሱዙውን ባዶውን ይዞ ይዞራል። ዙሩ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ነው። ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ የማን ጋን የትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ የማን ጌሾ እንደሚበረታ፣ ማን ቅራሪ ቀላቅላ እንደምትሸጥ፣ ደብተራ የታቦት ንግሥ እንደሚያውቅ ያውቃል። ቁማሩንም የሚዘረጋው ጥሩ ጠላ ካለበት ብቻ ነው። ሰው ከአይሱዙው ኋላ ላይ እየተንጠላጠለ ሁለት ቀን ይከተለዋል፤ የደምለው ዙር ይባል ነበር። ከአዲስ አበባ የተማረውን ፖከር የሚሉትን ነው የሚያጫውተው፤ እኛ ያምስት ካርታ እንለዋለን። ጨዋታው የፊት ጨዋታ ነው። ክፉ ካርታ ይዘህ ደስ ያለህ መምሰል፣ መልካም ካርታ ይዘህ ሆዱን እንደቆረጠው ሰው ማቃሰት። ጋሼ ደምለው በዚህ አንደኛ ነበር። አያ ሙላት ግን ደስ ሲለው ጆሮው ሳይቀር የሚስቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፖከር ሲጫወት ማየት፣ በግ ቢላዋ ሲስል እንደማየት ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ መሬቱ ርሶ ለእርሻ በተዘጋጀበት ሰሞን፣ አያ ሙላት ወይኖን ተበላ። ወይኖ ከምናርስባቸው ሁለት በሬዎች አንዱ ነው። በሬው የራሱ ነበር፤ ሲያገባ አማቶቹ የሰጡት ስለሆነ ማንም ሊጠይቀው አልቻለም። ደምለው አፍንጫውን አስይዞ ወሰደው። የቀረን አንድ በሬ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። የወንድሜ ሚስት ይታይሽ ሕፃኗን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። እሱም አይበላም፣ አይተኛም፤ ባዶውን ጋጥ እየሄደ ያየዋል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ለበሰና “ወይኖን ይዤ ነው የምመለሰው” ብሎ ወጣ። በምን እንደሚመልሰው አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ እናቴ ገባት። በእጇ የያዘችውን ወንፊት ጥላ ወደ እኔ መጣች።

“ዛፉን ነው!” አለች። “ዛፉን ሊያስይዝ ነው! ሂድ አንተ ልጅ! ዛፉ ከሄደ ክረምቱን በምን እንሻገራለን? በምን? ሂድና ዛፉን አድን!”

ዛፉን አድን። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሞባይል ነበረው፤ ደወልሁ፤ ዘግቶታል። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ኮቴን ደርቤ እየሮጥሁ ወደ ገበያው ወረድሁ።

አዲስ ቅዳም ቅዳሜ ገበያ ነው። ጭቃው፣ የከሰል ማዳበሪያው፣ አህያው፣ ሰዉ አንድ ላይ ተቦክቷል። ጣሳ የተሰቀለበትን እንጨት እያየሁ እትዬ ጥሩ ቤት ገባሁ፤ ደምለው ዙሩን የሚጀምረው ከእሷ ነው ይባል ነበር። አይሱዙው ግን የለም። የጎማው ዱካ ውሃ ይዟል።

“ወንድሜ እዚህ ነበር ወይ እትዬ?” አልሁ ከደጅ።

“ግባና ጠጣ።”

“እቸኩላለሁ፤ ወዴት እንደሄዱ ብቻ ይንገሩኝ።”

“ጠላ ቤት መሆኑን ረሳኸው ወይ? ቀበሌ መሰለህ? ተቀመጥ!”

ደንቡ ነው። ጠላ ቤት ገብቶ ሳይጠጡ ወሬ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለቤቲቱ ወሬዋን በጣሳ ነው የምትሸጠው። ተቀመጥሁ። ከጣሳው ወደ መዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ሰጠችኝ። የገብስ ጠላ ነው፤ ጥቁር፣ ጌሾው ምላስ የሚያስር። ባዶ ሆዴን ነበርሁ። ጨለጥሁት።

“ወደ ዳንግላ ወረዱ” አለች ጣሳው ሲገለበጥ። “ወንድምህ ምን ነክቶት ነው? ጠላውን አልነካ፣ ዛፍ ዛፍ ይላል።”

“ደምለውስ ምን አለው?”

“ዋስ ጥራ አለው።”

ደረቴ ቀለል አለኝ። ደምለው ሌባ ቢሆንም ጅል አይደለም። በሬ አፍንጫውን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ዛፍ ግን በሰው መሬት ላይ የቆመ ነገር ነው፤ ነገ ተካፋዩ ወጥቶ “ማን ሰጠህ?” ቢል መልስ የለህም። ስለዚህ ከተካፋዮቹ አንዱ በሰው ፊት “ተዋስሁ” ማለት አለበት። ተዋስሁ ካልህ አለቀ። በእኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው ቃሉን ካጠፈ ልጁን የሚድርለት፣ ሬሳውን የሚያነሣለት አያገኝም። ማን ይዋሰዋል? እናቴ ቤቷ ናት። ማንም የለም ብዬ እፎይ አልሁ። ይዤው ልመለስ ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ ወደ መኪና ሮጥሁ።

ሚኒባሱ ዳንግላ ሲደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ዳንግላ ከእኛ ይሞቃል፤ ጠላውም የዳጉሳ ነው፤ ቀይ፣ ወፈር ያለ፣ ወደ ጣፋጭ የሚያደላ። ስትጠጣው አይታወቅህም፤ ስትነሣ ነው እግርህ የማን እንደሆነ የምትጠይቀው። የተጠቆምሁት ቤት ስገባ ጠጪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይጮኻሉ። ስጠይቅ ሁሉም ዞሩ።

“ያ ባለ ዛፉ ወንድምህ ነው?” አለኝ አንድ ወፍራም ሰውዬ።

“ወንድሜ ነው።”

“እኛኮ ቅጠሉን ብቻ ያስይዝ ብለን አማልደነው ነበር!”

ቤቱ ሳቀ። ሌላው ቀጠለ፦ “ደምለውን ‘ዛፉን እንቢ ካልህ ነፍሴን አስይዛለሁ’ አለው። ደምለው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‘ለነፍስህም ዋስ ጥራ!’”

ሳቁብኝ። እኔም ጣሳዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ምን አደርጋለሁ? ጠጥቼ ካልጨረስሁ አይነግሩኝም። በመጨረሻ ነገሩኝ፦ ከዚህ ተነሥተው ከከተማው ዳር ወዳለ ሌላ ቤት ሄደዋል። እዚያ ስደርስ ደግሞ ወጥተዋል። ሌላ ጣሳ። ነገ እንጅባራ ከቅዳሴ በኋላ የሚከፈት ጋን አለ፣ ደምለው አያልፈውም አሉኝ። መሽቷል፤ መኪናም የለም። አክስቴ ቤት እርጥብ ልብሴን እንደለበስሁ አደርሁ።

እሑድ ጠዋት እንጅባራ ጉም ውጧታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ነጭ ለብሶ ነጭ ጉም ውስጥ ሲሄድ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ የምኖርበት ከተማ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለገበያ ካልሆነ አላውቀውም። ሰው እየጠየቅሁ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ አንዲት አሮጊት ቤት ደረስሁ። ጋኑ በወይራ የታጠነ ነው፤ ገና ከደጅ ይሸታል። አይሱዙው ግን ቀድሞኝ ወጥቷል። ሁለት ቀን ሙሉ ዱካ ነው የማሳድደው።

ሴትዮዋ በአገውኛ ነው ያናገረችኝ። የእናቴ ቋንቋ ነውና ልቤ ረጋ። ትኩስ ድንች ከነልጣጩ አዋዜ አድርጋ አቀረበችልኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም። ጠላውን ቀምሳ ሰጠችኝና እግሬ ሥር ተቀመጠች።

“ለዚያ ሰውዬ ምኑ ነህ?”

“ወንድሙ ነኝ። የእናቱ ልጅ።”

“ዛፉ የእናንተ ነው?”

“የእሱም፣ የእኔም፣ የእናታችንም ነው።”

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ጣሳዬን ሞላችልኝና፣ “ጠጣና እዚህ መደቡ ላይ ተኛ ልጄ። ሲመሻሽ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ጥሊሊ አትሂድ” አለችኝ።

“ጥሊሊ ናቸው ማለት ነው?”

“አትሂድ እያልሁህ!”

የደከመኝ መስሏት ያዘነችልኝ መሰለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተነሣሁ። እስከ ደጁ ተከትላኝ መጥታ የኮቴን እጅጌ ያዘችኝ። አስለቀቅኋት። እሷ ያየችውን እኔ አላየሁትም። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ “አትሂድ” ሲለው ለምን ብሎ የማይጠይቅ ዕድሜ ነበር።

ጥሊሊ የደምለው ዙር መደምደሚያ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለ ቤት ነው፤ ጠላው ቢጫ፣ የጠራ፣ ከንፈር ላይ ማር ማር የሚል። ደጁ ላይ አይሱዙውን ሳየው ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ገባሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። ደምለው ሹራቡን ደርቦ፣ ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ አምስት ካርታውን ይዟል። ሦስት ሰዎች ከፊቱ ይጫወታሉ።

ወንድሜ ከጋኑ አጠገብ ቆሟል። ሁለት ቀን ሙሉ ካርታ አልነካም። ዋስ የለውማ! የሚጫወቱት ጣሳቸው ሲጎድል እየቀዳ ያቀብላል። ከአይሱዙው ላይ ያወረደው ሰው ስለሌለ ይከተላቸዋል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጋቢው ጭቃ ነው። አሥር ጥማድ የሚያስንቅ አራሽ ጠላ ቀጂ ሆኖ አየሁት።

ሲያየኝ ማንቆርቆሪያው ከእጁ ወደቀ።

“መጣልኝ!” ብሎ ጮኸ። “ወንድሜ መጣልኝ! ዋሴ መጣ! ደምለው፣ ይኸው! የእናቴ ልጅ! ተካፋዩ! ይኸው በዓይንህ እየው!”

አቀፈኝ። ትከሻዬን ነከሰው ማለት ይቻላል። በሕይወቴ ሰው እኔን በማየቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ሚስቴም፣ ልጆቼም። ያን ጊዜ ነው የእንጅባራዋ ሴትዮ የገባችኝ። ዋስ አጥቶ ሁለት ቀን ዛፉ ተርፎ ነበር። ዋሱን በሚኒባስ ተሳፍሬ ያመጣሁለት እኔው ነኝ።

ደምለው ካርታውን አጥፎ አየኝ።

“ቁጭ በል ጎበዝ። ለልጁ ጠላ ስጡት። አንተ ነህ ተካፋዩ?”

“ነኝ ጋሼ።”

“መልካም። አንድ ዙር ነው፤ ሁለተኛ የለም። ወይኖ ባንድ ወገን፣ ዛፉ ባንድ ወገን። አንተ ተዋስሁ በል፣ ቤቱ ምስክር ነው።”

“እማ ልካኝ ነው የመጣሁት” አልሁ ወደ ወንድሜ ዞሬ። “ተነሥ እንሂድ አያ። ይታይሽ ትጠብቅሃለች።”

“ከወይኖ ጋር ነው የምሄደው! መዳፌን እየበላኝ ነው ከትናንት ጀምሮ፤ ይኸው እየው፣ እየው! ዛሬ ይሰጠኛል። ተዋስሁ በለው። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ያቅትሃል?”

ፊቱን አየሁት። ገና ካርታው ሳይሰጠው ጆሮው ይስቃል። በዚያ ፊት ደምለውን ሊያሸንፍ!

“አልዋስም” አልሁ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ “አይ ወንድም! ከዚህስ እባብ ይወለድ” አለ። ደምለው ግን ሳቀ። “ተወው፤ ልጁ ብልህ ነው” አለ። ከስድቡ ይልቅ የደምለው ምስጋና አንገበገበኝ።

ወንድሜ ወደ ደጅ ወጣ። ሄደ ብዬ ነበር። ተመለሰ። ደጃፉ ላይ የጫማ ጭቃ የሚጠረግበትን ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። ማጅራቱ ላይ ጫነው። ከእግሬ ሥር ተንበረከከ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው። ደም ያለበት፣ ሰው ያስቀየመ፣ ከታላቁ ወይም ከበደለው ሰው ፊት ወድቆ ምሕረት ይለምናል። ለምኖህ ደግሞ እንቢ አይባልም። ወንድሙ የተገደለበት ሰው እንኳ “አውርድ” ይላል። ታናሽ ለታላቅ ይሸከማል። ታላቅ ለታናሹ፣ ያውም ጠላ ቤት፣ ያውም ለቁማር ዋስ ሲሸከም አላየሁም፤ አልሰማሁምም። ሥርዓቱን ገልብጦ እንደ ወጥመድ አጠመደብኝ። አውርድ ካልሁት እሺ ማለቴ ነው። እሺ ካልሁ ተዋስሁ ማለቴ ነው።

ሁሉም ተነሡ። ደምለው እንኳ ካርታውን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ። ጠላ ሻጯ ደረቷን እየመታች መጣች።

“ኧረ በሥላሴ! ታላቅህ እኮ ነው! አውርድለት አንተ ልጅ! አፍህን ምን ያዘው? አውርድ በለው!”

“ስለ እናትህ” አለ ወንድሜ ከድንጋዩ ሥር። ድምፁ ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። “ስለ አባታችን አጥንት። የይታይሽን ፊት ማየት አቃተኝ። በሬዬን ልመልስ። ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ።”

የጭቃው ውሃ ከድንጋዩ በአንገቱ ወርዶ በጆሮው ሥር ይንጠባጠባል። ጠላው፣ የሁለት ቀኑ ጠላ ሁሉ፣ የአዲስ ቅዳሙ፣ የዳንግላው፣ የእንጅባራው፣ ራሴ ውስጥ ይዞራል። አፌን ከፈትሁ። ልለው ነበር ይሆናል፤ አላውቅም። ክረምቱ ታየኝ፤ ባዶው ጋጥ ታየኝ፤ በምን እንሻገራለን የምትለዋ የእናቴ ድምፅ መጣችብኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ተራምጄው ወጣሁ።

ከኋላዬ ሴትዮዋ ስትራገም ሰማሁ። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ሳልቆም ሄድሁ። ዝናብ ነው፣ ነፋስ ነው፤ የሚያልፈው መኪና ጭቃ ይረጨኛል። ድንች የጫነ መኪና አዝኖልኝ ከኋላ አወጣኝ። ማዳበሪያው ላይ ተኝቼ ጠላውን ሁሉ አስመለስሁት።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እናቴ ከአጥሩ በር ላይ ቆማለች፤ ይታይሽም ከጀርባዋ።

“ዛፉ አለ” አልኋት። ኮርቻለሁ። ሁለት ቀን የሮጥሁለትን ይዤ መምጣቴ ነው። “አልተነካም።”

“ልጄስ?”

“ጥሊሊ ነው።”

“ምን ሲያደርግ ትተኸው መጣህ?”

ነገርኋት። ሌላ ምን እላለሁ? ከነድንጋዩ ነገርኋት። ይታይሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

“እኔ ዛፍ አምጣ ብዬ ነው የላክሁህ?” አለችኝ።

ዛፉን ያለችው እሷ ናት! እሷ ናት! መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳይ ዋጥሁት።

ወንድሜ በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። ወደ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርም አየነው ያሉ ሰዎች መጡ። ይታይሽ ክረምቱ ሳይወጣ ሕፃኗን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ አማቶቹም አንድ ቀን የልጃችን ባል የት ደረሰ አላሉንም። ዛፉን ቆርጠን ሸጥነው። በሬ ገዛሁ። በበሬው ያረስሁት እኔ ነኝ፤ ትልሜ ግን እንደ እሱ አልቀና አለ። ጉቶው ባረፈበት መሬት ደግመን ተከልን፤ ያ ሁለተኛው ግን የዛፍ በሽታ የሚሉት አገሩን ሲዞር እንደቆመ ደረቀ። ለማገዶ እንኳ አልረባም። መሬቱን ለሰው በእኩል ሰጥቼ ወደ ከተማ ወጣሁ።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን በክፉ አላየችኝም። አብልታኛለች፣ አጥባኛለች። ግን ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ወጥታ ታያለች።

ስትሞት መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ። ጠቁሯል፣ ጥርሱ ወልቋል፣ ራሱን ተላጭቷል። ከሬሳው ወዲያ ማዶ ቆሞ አለቀሰ፤ እኔ ወዲህ ማዶ ቆሜ አለቀስሁ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መሐላችን ገብተው ነበር። “አልተጣላንም” አላቸው። እውነቱን ነው፤ ለመጣላትም መነጋገር ያስፈልጋል። ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ማጅራቱን አየሁት። ምንም የለበትም። ሰው ነው፤ ምን ሊኖርበት ኖሯል?

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ሳይለኝ አይቀርም። አንዱ ጀግና ነህ ይላል፤ አንዱ ጨካኝ ነህ ይላል። ሁለቱም እዚያ አልነበሩም። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ፦ ብዋስለት ኖሮ ደምለው ይበላው ነበር፤ ዛፉም ይሄዳል፣ እሱም ከኀፍረቱ ይሄዳል። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ በየትም ብዞር መውጫ የለውም። ትክክል ነበርሁ። ትክክል መሆን ግን ቤት አያሞቅም፤ ማታ ከሥራ ስገባ የሚያጫውተኝ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ አንዳንዴ ትክክለኛውን ነገር አድርጎ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሌባ ይኖራል።

አሁንም ወደ ቡሬ የምሄድበት ጉዳይ ሲኖረኝ በጥሊሊ አልፋለሁ። ሚኒባሱ ለመጫን ሲቆም እኔ አልወርድም። ያቺ ጠላ ሻጭ በሕይወት ካለች ሁለት እርምጃ ወርጄ ልጠይቃት እችላለሁ፤ ዛሬም ከገበያው ጀርባ ባሕር ዛፉ ይታያል። የምጠይቃት ብዙ አይደለም፤ አንድ ነገር ነው። ጠይቄያት አላውቅም፤ የምጠይቃትም አይመስለኝም። እኔ ተራምጄው ከወጣሁ በኋላ ያን ድንጋይ ከወንድሜ ማጅራት ላይ ማን እንዳወረደለት እስከ ዛሬ አላውቅም።